ፖምና ብርቱካን እውነት አይወዳደሩም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እትዬ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ የታናሽ ወንድሙን ቤት ሳያነሣ ሳምንት አያልፍም። «ከእኔ በኋላ መጥቶ ይኸው ባለ አራት መኝታ ቤት ገዛ፤ እኛ ዛሬም ኪራይ እንከፍላለን» ይላል። በቀደም እሑድ ቡና እየጠጣን ይህንኑ ሲጀምር የአሥራ አምስት ዓመት ልጃችን «አባዬ፣ ፖምን ከብርቱካን ጋር አታወዳድር» አለችው። እሱም «ለምን አላወዳድርም? ሁለቱም ፍራፍሬ ናቸው፤ ሁለቱም በሚዛን ይሸጣሉ» ብሎ መለሰላትና ነገሩ በሳቅ አለፈ። እኔ ግን ሁለቱም ልክ የሆኑ መስሎኝ ማንን እንደምደግፍ ቸገረኝ። ይህ አባባል ከየት መጣ? ከፍሬ ሁሉ እነዚህ ሁለቱ ለምን ተመረጡ? እናቶቻችንስ በዚህ ቦታ ምን ይሉ ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አባባሉን ያመጣችው ከትምህርት ቤቷ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ዓይነታቸው የተለያየ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ለሚያስቀምጥ ሰው የሚሰነዘር የዘወትር ተግሣጽ ነው። አሁን አሁን በአገር ቤትም ስለ ኢኮኖሚ ወይም ስለ ስፖርት በሚደረግ ክርክር ላይ በአማርኛ ሲነገር እሰማለሁ። ብዙ ዘመን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ በመሆኔ የአባባል መነሻ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። የዚህኛው መነሻ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው የራቀ ነው፤ ሲጀመር ብርቱካን የሚባል ነገር አልነበረበትም።

በብርቱካን ቦታ የነበረው ኦይስተር ነው። ኦይስተር በባሕር ዳርቻ ዐለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ፍጡር ነው። ቅርፊቱ ግራጫና ሻካራ ሲሆን በቢላዋ ሲፈለቀቅ ለስላሳና ርጥብ ሥጋ ይወጣዋል፤ እንግሊዞች በጥሬው ይውጡታል። እንግዲህ ይህንና ፖምን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩአቸው። አንዱ ዛፍ ላይ፣ ሌላው ባሕር ውስጥ፤ አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው ጨዋማ። «እንደ ፖምና እንደ ኦይስተር ይመሳሰላሉ» ማለት «ፈጽሞ አይመሳሰሉም» ማለት ነበር።

ዊልያም ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው፣ አመለኛዋን ሴት ስለ መግራት በሚተርከው ኮሜዲ ውስጥ፣ በአራተኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ላይ አባባሉን እናገኘዋለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ጌታውን መስሎ የሚንቀሳቀስ አንድ አሽከር የጌታውን ሀብታም አባት ሆኖ የሚቀርብለት ሽማግሌ ይፈልጋል። በመንገድ ያገኘውን አንድ መንገደኛ በወሬ ጠምዶ ይይዝና «አባቴ በመልክ እርስዎን ይመስላል» እያለ ያባብለዋል። አጠገባቸው የቆመው ሌላው አሽከር ይህን ሲሰማ ለራሱ በሹክሹክታ «ፖም ኦይስተርን የሚመስለውን ያህል» ይላል። የቴአትሩ ተመልካች በዚህች አንዲት ሐረግ ውሸቱ ምን ያህል ዐይን ያወጣ እንደሆነ ይገባዋል።

ተመልካቹ ወዲያው የሚገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ የነበረው ሮዝ የተባለው ቴአትር ቤት ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲቆፈር ከወለሉ አፈር ውስጥ የኦይስተር ቅርፊት፣ የለውዝ ዓይነት ፍሬ ልጣጭና የፍራፍሬ ዘር ተገኝቷል። ሰዎቹ ቴአትር እያዩ የሚበሉት እሱን ነበርና። ፖምም ከዚያ ሥፍራ አይጠፋም ነበር፤ ሼክስፒር ራሱ በሌላ ሥራው ላይ በቴአትር ቤት ተነክሶ ለተጣለ ፖም የሚደባደቡ ጎረምሶችን ያነሣል። አባባሉን የሚሰማው ሰው ፖሙንም ኦይስተሩንም በእጁ የሚያውቃቸው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1670 ደግሞ ጆን ሬይ የተባለው እንግሊዛዊ የአገሩን ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሰብስቦ ሲያሳትም የፖሙንና የኦይስተሩን አባባል አስገብቶታል። ይህን ሰው በአክብሮት አነሣዋለሁ። ሬይ ዋና ሥራው ዕፅዋትን መመርመርና ማን ከማን እንደሚመደብ መለየት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቅጠልን ከቅጠል፣ አበባን ከአበባ ሲያስተያይ የኖረ ሊቅ ስለ ማይመሳሰሉ ነገሮች የሚነገረውን አባባል ለትውልድ ማቆየቱ ደስ ይላል።

ብርቱካን ኦይስተሩን ተክቶ የገባው ቆይቶ ነው፤ በዛሬ መልኩ በሰፊው የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለምን ተተካ? የእኔን ግምት ልንገርዎ። ኦይስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን የድሃ ምግብ ነበረ፤ በየመንገዱ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ከልክ በላይ ሲለቀምና ውሃው ሲቆሽሽ ግን ጠፋና ውድ ሆነ። ከሕዝብ ገበታ የወጣ ነገር ከሕዝብ አፍም ይወጣል። ብርቱካን በአንጻሩ በባቡርና በመርከብ እየተጫነ በየቤቱ ገባ። የትምህርት ቤት ሂሳብም የረዳው ይመስለኛል። «ሦስት ፖምና ሁለት ብርቱካን ስንት ፖም ይሆናል?» ተብሎ ያልተጠየቀ ልጅ የለም፤ መልሱም «አይደመርም» ነው። አይደመርም ከተባለ በኋላ አይወዳደርም ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራል።

በዚህ ለውጥ ግን አባባሉ አቅሙን አጣ ባይ ነኝ። ፖምና ኦይስተር ሲባል አለመመሳሰሉ በራሱ ይናገር ነበር። ፖምና ብርቱካን ሲባል ግን ባለቤትዎ እንዳሉት ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ጣፋጭ፣ ሁለቱም ከአንድ ነጋዴ የሚገዙ ናቸው። ስለዚህ የባለቤትዎ መልስ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ የአባባሉን ደካማ ጎን በትክክል የነካ መልስ ነው።

ይህን የተናገሩት እሳቸው ብቻም አይደሉም። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል የሚሠራው ስኮት ሳንድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1995 አባባሉን በቤተ ሙከራ ፈትኖታል። አንድ አረንጓዴ ፖምና አንድ ብርቱካን ወስዶ በዝቅተኛ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ለቀናት አደረቃቸው። ከዚያ ፈጭቶ ዱቄቱን ፖታሲየም ብሮማይድ ከሚባል ጨው ጋር ቀላቀለውና እንደ ኪኒን ጠፍጣፋ አድርጎ ጠፈጠፈው። በኪኒኑ ውስጥ ለዐይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን አሳልፎ የትኛው እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚቀር በወረቀት ላይ አወጣ። የፖሙና የብርቱካኑ መስመሮች እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ጽሑፉ የወጣው ሳይንስን ከጨዋታ ጋር በሚያቀርብ መጽሔት ላይ ነው፤ ልኬቱ ግን የእውነት ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት በገና ሰሞን እትሙ አንድ ሐኪም ሁለቱን ፍሬዎች በሕክምና ጥናት ሥርዓት አወዳድሮ «ይወዳደራሉ፤ በጣምም ይመሳሰላሉ» ያለበትን ጽሑፍ አውጥቷል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የሁለቱ ፍሬዎች ዝምድና ነው። ፖም ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው። የጥንት ዘሩ በመካከለኛው እስያ፣ በዛሬዋ ካዛኪስታን አካባቢ ባሉት የቲየን ሻን ተራሮች ዛሬም በዱር ይበቅላል። በእኛ አገር የፖም ዘመዶች እነማን ናቸው? በየአጥሩ የሚወጣው እሾኻማው ቀጋ አንዱ ነው። ኮክና እንጆሪም የዚያው ወገን ናቸው። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ አባቶቻችን ለትል የጠጡት መራራው ኮሶ ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑ ነው። የቀጋን አበባ ልብ ብለው ካዩት አምስት ነጭ ቅጠሎች አሉት፤ የፖም አበባም አምስት ነው። ፖሙን እንደ ልማዳችን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በወገቡ አግድም ቢቆርጡት ዘሮቹ የተቀመጡበት ቦታ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሆኖ ይታይዎታል። ለልጅዎ ያሳዩአት።

ብርቱካን ሌላ ወገን ነው። ጥንት በእስያ ትልቁ የፖሜሎ ፍሬና መንደሪን ተዳቅለው የተገኘ ነው። ሎሚና ትርንጎ የቅርብ ዘመዶቹ መሆናቸውን ማንም ይገምታል። ጤና አዳምም ግን ከዚያው ቤተሰብ ነው! ጤና አዳምን ወይም የሎሚን ቅጠል ወደ መስኮት አድርገው በብርሃን ቢያዩት ውስጡ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ብሩህ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ ቅጠሉ ሲታሽ የሚሸተው እነሱ ሲፈነዱ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሲጨመቅ ዐይን የሚያቃጥለውም ይኸው ዘይት ነው። በዚያ እሑድ ቡናችሁ ውስጥ ጤና አዳም ከነበረበት የብርቱካን ዘመድ እየጠጣችሁ ነበር ስለ ብርቱካን የተከራከራችሁት።

እንግዲህ በዘር ሐረግ ካየነው ልጅዎ ልክ ናት፤ ፖም የኮሶ ወገን፣ ብርቱካን የጤና አዳም ወገን ነው። በአየር ጠባይም አይገናኙም። ፖም ብርድ ይፈልጋል፤ በአገራችን ስሙ የሚነሣው በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጨንቻ ነው። ብርቱካን ሙቀት ይወዳል፤ የላይኛው አዋሽ ሸለቆ የኑራ ኤራ እርሻ ብርቱካን ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው የልጅነት ትዝታ ነው። በገበያ ሚዛን ካየነው ደግሞ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ ሁለቱም በኪሎ ዋጋ ይጠየቅባቸዋል፤ ገዢ ሁለቱን አይቶ ኪሱ የፈቀደውን ይዞ ይሄዳል።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን ነገር እንዴት እንደሚሉት ማወቅም ደስ ይላል። ጀርመኖችና ፈረንሳዮች የሚያነሡት ፖምና ፒርን ነው። ይኼ ከእንግሊዝኛውም የባሰ ደካማ ነው፤ ፒር የፖም የአጎት ልጅ ማለት ናትና። ሰርቦች ግን «አያቶችንና እንቁራሪቶችን አትቀላቅል» ይላሉ፤ ሮማኒያውያን ደግሞ «አሮጊትና መትረየስ» ይላሉ። እነዚህ ናቸው የኦይስተሩን ቦታ የሚመጥኑት! ዴንማርኮች በጥያቄ መልክ ያቀርቡታል፤ «ከክቡ ማማና ከነጎድጓድ የቱ ከፍ ይላል?» ይላሉ። ክቡ ማማ ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛ እ.ኤ.አ. ከ1637 እስከ 1642 በኮፐንሃገን ያሠራው የከዋክብት መመልከቻ ሕንፃ ነው። ቁመቱ 35 ሜትር ያህል ሲሆን ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ሳይሆን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚጠማዘዝ አቀበት ነው። ጥያቄው የሚይዘው «ከፍ ማለት» ለሕንፃም ለድምፅም ስለሚሆን ነው፤ በአማርኛም እንደዚሁ ይሆናል፤ እናም ልጆች ላይ ቢሞክሩት ይሠራል። ይህን እንቆቅልሽ ከሁሉ አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ያሳያል። ማማና ነጎድጓድ መወዳደራቸው ብቻውን አልነበረም ጥፋቱ፤ በሜትርና በጆሮ የሚለካውን በአንድ ቃል መጠየቁ ነው።

እናቶቻችን ምን ይሉ ነበር ላሉት፣ ለዚህ ቦታ የምንጠቀመው አነጋገር አጭር ነው። «ምን አገናኘው?» እንላለን፤ ወይም «የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ» እንላለን። ስለ ወንድማማች፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጎረቤታሞች ሲሆን ግን ከዚህ የጠለቀ አለን፤ «አምስት ጣት እኩል አይደለም» ይባላል። ይህን አባባል እጅግ እወደዋለሁ። እንግሊዝኛው ሁለት ባዕድ ነገሮችን አምጥቶ «አታወዳድር» ይላል። የእኛው የሚነሣው ከአንድ እጅ ነው፤ እኩል አይደሉም ቢልም ከአንድ መዳፍ የበቀሉ መሆናቸውን አይክድም። ለባለቤትዎና ለወንድማቸው የሚስማማው ይኸኛው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለውን ለዚሁ ሲያመጡት ሰምቻለሁ። ቦታው አይደለም። ኑግ ጥቁር ነው፣ ሰሊጥ ነጣ ያለ ነው፤ ሁለቱም ዘይት ይወጣቸዋል፤ ኑጉ ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ በመሐል የተደባለቀችውን ጥቂት ሰሊጥ ለቅሞ የሚያወጣ የለም። አባባሉ ከማን ጋር መዋል እንዳለብን የሚያስጠነቅቅ ነው እንጂ ስለ ውድድር አይናገርም።

ባለቤትዎን በተመለከተ ደግሞ እንደ እህት ልናገር። ወንድማቸው ቤት ገዛ፤ መልካም። በስንት ዓመቱ ገዛ? ስንት ልጅ አሳድጎ? ባልና ሚስት ሁለቱም እየሠሩ ነው ወይስ አንዳቸው? አገር ቤት ላሉት እናታቸው በየወሩ የሚልከው ማን ነው? የባንኩ ዕዳስ ለስንት ዓመት ነው? እነዚህን ሁሉ በወረቀት ላይ አስፍረው ቢያስተያዩአቸው እኔ አልቃወምም፤ እንዲያውም ብዙ ነገር ይማሩበታል። የሚጎዳው የአንዱን ጣሪያ ብቻ አይቶ ሌላውን ሁሉ መርሳቱ ነው። «ከማን አንሼ» የሚባለው ክፉ ስሜት የሚነሣው እዚያ ላይ ነው፤ በእሱ ተነድተው ከአቅማቸው በላይ ዕዳ የገቡ ስንት ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በሪፖርት ካርድ ላይ የተማሪ ደረጃ መጻፍ አለበት ወይስ የለበትም በሚል በመምህራን ክፍል ስንነጋገር አንድ ባልደረባዬ «ማወዳደር ጥላቻን ይወልዳል፤ ይህን ያለው ሼክስፒር ነው» አለ። እውነት የሼክስፒር ነው? ከሆነስ ምን ለማለት ነው?

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሼክስፒር አባባሉን ተጠቅሞበታል፤ ግን የእሱ አይደለም። ከእሱ በፊት መቶ ዓመት አልፎት የኖረ ነው። ሼክስፒር ቃላት በሚያምታታ አንድ የጥበቃ ሹም አፍ ውስጥ አጣሞ ያስገባው ተመልካቹ ትክክለኛውን አባባል አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው፤ የማይታወቅ አባባል ቢጣመም አያስቅም።

በእንግሊዝኛ ጥንታዊ ሆኖ የምናገኘው በጆን ሊድጌት ግጥም ላይ ነው። ሊድጌት በቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ገዳም የኖረ መነኩሴና ባለቅኔ ሲሆን ግጥሙን የጻፈው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ፈረስ፣ ዝይና በግ «ለሰው ልጅ ከሁላችን የሚጠቅመው ማን ነው?» ብለው ይከራከራሉ፤ ዳኞቹ አንበሳና ንስር ናቸው። ፈረሱ የጦር ሜዳውን፣ ባላባቱንና ጋሪውን ይቆጥራል። ዝይዋ ተነሥታ «ያለ እኔ ላባ ቀስት አይበርም፤ ያለ እኔ ላባ ጸሐፊ ብዕር የለውም» ትላለች። ለበጓ ወገን አውራው በግ ይናገራል፤ የእንግሊዝ ሀብት በጀርባዋ ላይ ያለው ሱፍ መሆኑን ያስረዳል። ይህ እውነት ነበር፤ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ንግድ የቆመው በሱፍ ላይ ነበር። ዳኞቹ ሁሉንም ሰምተው አንዱን ከአንዱ ሳያስበልጡ ሁሉም በተሰጠው ጸጋ እንዲኖርና ክርክሩን እንዲተው ይፈርዳሉ። ማወዳደር ከጥንት ጀምሮ የተጠላ ነው የሚለው ቃል የተነገረው በዚህ ፍርድ ዙሪያ ነው። ራሱ ሊድጌት «ከጥንት ጀምሮ» ማለቱን ልብ ይበሉልኝ፤ ለእሱም አሮጌ አባባል ነበረ ማለት ነው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1470ዎቹ በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን ማተሚያ ሲከፍት አስቀድሞ ካተማቸው ሥራዎች አንዱ ይህ የእንስሳት ክርክር መሆኑ ምን ያህል ተወዳጅ እንደነበረ ያሳያል።

በስፔንም የታወቀ ነበር። ደራሲው ሴርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1615 ባሳተመው የዶን ኪኾቴ ልብ ወለድ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ የአንዲትን ሴት ውበት ባላባቱ ዶን ኪኾቴ ከሚወዳት ከዱልሲኒያ ጋር ሊያነጻጽር ሲሞክር ዶን ኪኾቴ ተቆጥቶ ያቋርጠዋል፤ «ማወዳደር ሁሉ የተጠላ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ማንንም ከማንም ጋር ማወዳደር አያስፈልግም» ይለዋል። ሽማግሌውም ይቅርታ ይጠይቃል።

ወደ ሪፖርት ካርዱ ስመለስ ዝም ማለት አልችልም። በኖርኩበት የማስተማር ዘመን በየሴሚስተሩ ደረጃ ጽፌያለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነበርና። ካርድ በሚሰጥበት ቀን ወላጅ ዐይኑ የሚያርፈው በሂሳብ ወይም በአማርኛ ውጤት ላይ ሳይሆን ከታች በተጻፈችው ቁጥር ላይ ነው። «ከስልሳ ተማሪ አርባኛ» የሚል ካርድ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ምን ተነገረው? ባለፈው ሴሚስተር ክፍልፋይ መደመር የማይችል የነበረው ልጅ ዛሬ የሚችል ሆኖ ሊሆን ይችላል። አርባኛ የሚለው ቁጥር ይህን አይናገርም፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው እንደበለጠው ብቻ ይናገራል። ልጁን ከአምናው ራሱ ጋር ማወዳደር ግን ውድድርም ትምህርትም ነው። ስለዚህ በመምህራን ክፍል ድምፅ ቢኖረኝ ደረጃው እንዲቀርና በምትኩ የእያንዳንዱ ትምህርት ያለፈውና የአሁኑ ውጤት ጎን ለጎን እንዲጻፍ እጠይቅ ነበር።

ባልደረባዎ ከሊድጌትም ከሼክስፒርም ይልቅ ሊጠቅሱት የሚችሉት የራሳችን ቃል አለ፤ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም»። ከወንጌል የመጣ ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 7 ቁጥር 2 ላይ ይገኛል። ቁና የእህል መስፈሪያ ነው፤ ከቦታ ቦታ መጠኑ ይለያይ ስለነበር ገበያ የወጣ ገበሬ እህሉን ከማየቱ በፊት ቁናውን ያይ ነበር። በደረጃው ክርክር ላይም መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ቁናው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፈተናው ምን ለመለካት ወጣ፣ ለስንቱ ልጅ መጽሐፍ ደረሰው፣ ስንቱ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ተፈተነ።

ለአንባቢያን፦ «አምስት ጣት እኩል አይደለም» በየአካባቢው በተለያየ መልክ እንደሚነገር አውቃለሁ። በወሎ፣ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በሸዋ ወይም በውጭ አገር ባለው ቤታችሁ ማወዳደርን የሚመለከት የሰማችሁት አባባል ካለ፣ ማን ሲናገረው እንደሰማችሁና በምን አጋጣሚ እንደተነገረ ጨምራችሁ ላኩልኝ። አባባሉን ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የተነገረበትን ሁኔታ መጻፉ ለእኔ ሥራ እጅግ ይረዳኛል። የደረሰኝን በሚቀጥለው እትም አወጣለሁ።